እንቅልፍ ፍለጋ በፈተና ሰሞን

እንቅልፍ የሚሉት ነገር ጠባዩ የድመት ነው። ሲጠሩት አይመጣም፤ ሲያባርሩት እግር ሥር ይተኛል። ዓመቱን ሙሉ መምህሩ ሲያስተምር ዓይኔን እያሸሁ የማባርረው እንቅልፍ፣ ፈተና ደርሶ አልጋ አንጥፌ ስለምነው የት እንደሚገባ አላውቅም።

ነገሩ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። የምኖረው ጎፋ፣ አክስቴ አስቴር ቤት ነበር። ሰኔ ላይ የፈተና ፕሮግራም ሲለጠፍ ከባድ ከባዶቹ ተደራርበው ወጡ፦ ሰኞ ጠዋት ስታትስቲክስ፣ ሰኞ ከሰዓት ኢኮኖሚክስ፣ ማክሰኞ ጠዋት የማርክሲዝም ፍልስፍና። ፕሮግራሙን ያወጣውን ሰው ምን በድዬው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አበው "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ያሉት ለእንደኔ ዓይነቱ ነው፤ እኔ ግን መታጠቁም አልሆነልኝም። ያነበብኩት አይገባኝም፤ ስላልገባኝ እጨነቃለሁ፤ ስለምጨነቅ አልተኛም፤ ስላልተኛሁ ያነበብኩት አይገባኝም። የፍልስፍናው መጽሐፍ ይህንን ዲያሌክቲክስ ይለው እንደሆነ እንጃ።

ችግሬን መጀመሪያ ያወቀችው አክስቴ ናት። አርብ ጠዋት ሻዬ ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ስጨምር አየችኝና፣ "አንተ ልጅ፣ ከተኛህ ስንት ቀንህ ነው?" አለችኝ። እንቅልፍ እንቢ እንዳለኝ ነገርኳት። አክስቴ ከወላይታ የመጣች የወንጌል አማኝ ናት። በዚያን ጊዜ የሚጸልዩበት ቤት ታሽጎ ስለነበር ጮክ ብሎ መጸለይ አይመከርም፤ ስለዚህ አልጋዬ አጠገብ ተንበርክካ በሹክሹክታ ጸለየችልኝ። እግዜር ይስጣት። ግን እንቅልፍ ላጣ ሰው እንደ ሹክሹክታ ጆሮ የሚያቆም ነገር አለ? ምን እያለች እንደሆነ ልሰማ ስል ጭራሽ ነቃሁ።

ቅዳሜ ነገሩ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። አጥራችንን ተደግፈው ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ሰው ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ባልዲና ምድጃ ይሠራሉ። አክስቴ ሄዳ ልጁ ሳይተኛ ሊፈተን ነው ብትላቸው መዶሻቸውን አስቀመጡ። "ከዚህ ሰፈር ዩኒቨርሲቲ የገባ ስንት ሰው አለና? ይተኛ። ባልዲው የት ይሄዳል" አሉ አሉ። ቅዳሜን የሚያህል የገበያ ቀን ሥራ ፈተው ደጃቸው ላይ ተቀመጡ። አክስቴም በበኩሏ ሬዲዮኑን ዘጋች፣ ዶሮዎቹን ለጎረቤት አስረከበች፣ ልጆቿን ሀና ማርያም ዘመድ ጋ ሰደደች።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰፈር በሙሉ ትንፋሹን ውጦ እንቅልፉን እየጠበቀለት የተኛ ሰው ታውቃላችሁ? አንድ ጊዜ ሳል አፍኖኝ ሳልኩ። ወዲያው ጋሽ ሸምሱ ከአጥሩ ወዲያ፣ "ነቃ እንዴ?" ብለው ጠየቁ። አክስቴ፣ "መች ተኛና" ብላ መለሰች። ሁለቱም ድምፃቸው ሐዘን ቤት የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነው። ያን ጊዜ በእውነት ፈራሁ። ብወድቅ ብቻዬን አልወድቅማ፤ የጋሽ ሸምሱ የቅዳሜ ገበያም አብሮኝ ይወድቃል።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ስብሰባ ጠራ። ከየቤቱ አንድ ሰው፣ ወጣት ያለበት ቤት ወጣቱ ይምጣ ተባለ። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው ስኳር ሊወስድ ቀበሌ ሱቅ ሲሰለፍ መቅረቱ ይታወስለታል። አክስቴ እኔ ልሂድልህ አለች። ወጣቱስ ሲሏት ምን ልትል ነው? ተኝቷል ብትል ውሸት፣ አልተኛም ብትል ታዲያ ለምን አልመጣም። ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ከጋሽ ሸምሱ ጎን አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከበላይ አካል የተላከው ካድሬ ድምፀ ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ከዓለም አቀፉ ሁኔታ ተነሣ። ከዚያ ወደ አፍሪካ ቀንድ፣ ከቀንዱ ወደ ከተማችን መጣ። ከተማችን ሲደርስ እኔ አልነበርኩም። እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ከተኛሁት ወዲህ እንዲያ ያለ እንቅልፍ አላየሁም። ጋሽ ሸምሱ ራሴ ትከሻቸው ላይ ሲወድቅ የራሳቸውን ባርኔጣ አውልቀው እስከ ዓይኔ አጠለቁልኝና ትከሻቸውን አደላደሉ።

የደግነት ጣጣው ባርኔጣው ለዓይን መግባቱ ነው። ካድሬው፣ "ባርኔጣ ያደረግከው ወጣት ጓድ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አለ። ጋሽ ሸምሱ በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጉኝ ብድግ አልኩ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ መተኛት ድካም አይባልም፤ ሌላ ስም አለው፤ ያ ስም የወጣለት ሰው ደግሞ በቀላሉ ቤቱ አይገባም። ጥያቄው ምን እንደሆነ አላውቅም። አፌ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሸመደደውን ብቻውን አወጣው፦

"መጠናዊ ለውጥ ሲጠራቀም፣ ሲጠራቀም፣ ወደ ዓይነታዊ ለውጥ ይሸጋገራል።"

ካድሬው መነጽሩን አውልቆ አየኝና፣ "ጓዶች፣ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው" አለ። ተጨበጨበ። ጥያቄው ስለ ሰፈራችን የቆሻሻ ጉድጓድ እንደነበር ጋሽ ሸምሱ የነገሩኝ ወደ ቤት ስንመለስ ነው።

ስብሰባው ግን ሳይበተን ምርጫ ነበረው። መፈክሩን ታስታውሱ እንደሆነ ሰፊውን ሕዝብ ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ ነበር። ለማንቃቱ ሥራ አንድ የነቃ ወጣት ይፈለጋል ሲባል ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። ከአዳራሹ ሁሉ ያንቀላፋሁት እኔ መሆኔን የምናውቀው እኔና ጋሽ ሸምሱ ብቻ ነን። እሳቸውም እጃቸውን አወጡ።

የዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ ጀምሮ ተኛሁ፤ ሰኞና ማክሰኞም እንደ ሰው ተፈተንኩ። በስታትስቲክስ ከመውደቅ ለጥቂት አመለጥኩ፣ ኢኮኖሚክስን በደህና አለፍኩ፣ በፍልስፍና ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። አክስቴ በጸሎቷ ነው አለች። ጋሽ ሸምሱ፣ "መዶሻዬን በማስቀመጤ ነው" አሉ። እኔም ሁለቱንም አመሰገንኩ።

ሐምሌ ላይ ሰፊውን ሕዝብ ላነቃ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣሁ። ሁለት ገጽ ያህል አንብቤ ቀና ስል ፊት ረድፍ ላይ አንድ አባወራ፣ ከኋላው ሁለት እናቶች፣ ጥግ ላይ ሌሊቱን ሲጋግር ያደረ የዳቦ ቤት ሠራተኛ አንገታቸውን ደፍተው ተኝተዋል። ደንቡ ስማቸው ተይዞ እንዲቀርብ ያዛል። እኔ ግን ድምፄን ዝቅ አደረግኩና የቀረውን ገጽ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው።