ራሱን የሚከላከለው ጎረቤቴ

እናንተ ሰፈር ሁልጊዜ «ራሱን የሚከላከል» ሰው አለ? እኛ አቃቂ አንድ ነበረን፤ ታምሩ ይባላል። ይህ ሰው ራሱን ያልተከላከለበት ጎረቤት የለም። የእማማ በላይነሽን በግ እግር በዱላ ሰብሮ «ልትወጋኝ ስትል ነው» አለ። በጓ እኮ ቀንድ የላትም።

ያኔ በአብዮቱ ዘመን ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል የሚሰለፈው ድንጋይ ነበር። ሰው ድንጋዩን በተራው አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አንድ ቀን ከስብሰባ ስመለስ ድንጋዬ ቦይ ውስጥ ተጥላለች፤ በቦታዋ የታምሩ ድንጋይ ተቀምጣለች። የእኔን አንስቼ ወደ ተራዋ ልመልሳት ስል ታምሩ በጥፊ አጮለኝ።

ጆሮዬ እየጮኸ እዚያው ግቢ ወዳለው የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ወሰድኩት።

«ለምን መታኸው?» አሉት ዳኛው።

«ራሴን ስከላከል ነው። ድንጋይ ይዞ መጣብኝ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ጓድ፣ ድንጋይ ይዘህ ነበር?»

«የሰልፍ ድንጋይ ናት እኮ። የእርስዎም ሰልፉ ላይ ከእኔዋ ፊት አለች።»

«የተጠየቅከውን ብቻ መልስ። ይዘሃል ወይስ አልያዝክም?»

ምን ልበል? ይዣለሁ። ታምሩ በነፃ ተለቀቀ፤ ድንጋዬ ኤግዚቢት ተብላ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ቀረች።

ሱቁ ስደርስ ስኳሩ አልቋል። የታምሩን ድንጋይ ግን ሰልፈኛው እየገፋ አድርሶለት ኖሮ፣ ቀድሞኝ ድርሻውን ተቀብሎ ይወጣል። በመታው ጆሮዬ በኩል ጠጋ አለና ከልቡ አዝኖ ጠየቀኝ።

«ምነው፣ አንተ ድንጋይ አላስቀመጥክም እንዴ?»