የእትዬ መዓዛ ጭረት

«ፍሬምወርኩ ይጠብቀናል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም። የሲያትል እድራችንን ዌብሳይት የሠራልን ኢንጂነር ዳዊት ነው። ስለ ሃከር ስንጠይቀው፣ «ሶ፣ ዌብሳይቱ የቆመበት ፍሬምወርክ፣ ያው ተዘጋጅቶ የመጣው የፕሮግራም መዋቅር፣ ሁሉንም ሃንድል ያደርጋል» ይለናል። እኛም አድራሻችንን፣ የልጆቻችንን ስም ሳይቀር ሰጥተን ተኛን። እንዲህ ተብሎስ ይተኛል?

ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ በተሰበሰብንበት ቀን እትዬ መዓዛ ሊመዘገቡ ስልካቸውን አወጡ። ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ «ዓ» እንዳትዋጥ መሐሉ ላይ አንዲት ጭረት ከላይ ትንጠለጠላለች። ጽፈው ሲጫኑ ገጹ ባልገባን ቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ዳዊት አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሲስተሙ ጭረቷ ላይ ስሙ ያለቀ መስሎት፣ የቀረውን እንደ ትእዛዝ ሊፈጽም ነበር» አለ።

«ታዲያ ሌባ በስም ፈንታ የሁሉንም አድራሻ አምጣ የሚል ትእዛዝ ቢጽፍስ?» አልኩት።

«ኦኬ... ያመጣለታል።»

ያመጣለታል! ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቆሞ ይናገራል?

«ፍሬምወርኩስ?» አልኩት።

«እዚህች ጋ እኔው ባይፓስ አድርጌ አልፌዋለሁ።»

መፍትሔውን ስሙልኝማ! «እትዬ፣ ጭረቷን ቢተዉልንስ?»

«ስሜን ላርምልህ?» አሉ።

እሱ ግን ለአባላቱ በሙሉ እዚያው ዌብሳይቱ ላይ ማስታወቂያ ሊለጥፍ ላፕቶፑን ከፍቷል። «ጭረት አትጠቀሙ» ለማለት በእንግሊዝኛ «ዶንት» (Don't) ብሎ ጀመረ። ዶንት ውስጥም ጭረት እንዳለች ልብ አላለም። ሴቭ ሲያደርግ ያው ቀይ ጽሑፍ ተመልሶ መጣ።

እትዬ መዓዛ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ልጄ፣ አሁን ደግሞ እንግሊዞቹን ልታርም ነው?» አሉት።