ከሁሉ ቀድሞ የሚያጨበጭበው ሰው

አንባቢዬ፣ ዘጋቢ ፊልም ሲያይ ከሁሉ ቀድሞ የሚያጨበጭብ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? ትምህርት ቤት ሳልገባ በሦስት ቋንቋ የማነበው እኔ፣ ሰውን በጭብጨባው አውቀዋለሁ እል ነበር።

አቦከር በሚባለው የከተማችን ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ፣ «መሬታችንን ለድንጋይ ማውጫ አንሰጥም» ያሉ የድሬ ጠያራ ገበሬዎች ፊልም ታየ። ስም መደበቅ ነውር ነውና፣ እያንዳንዳቸው ስማቸውን እስከ አያታቸው እየጠሩ ተናገሩ። አጠገቤ የተቀመጠው ባለ ኮት እጁ እስኪቀላ ያጨበጭባል፤ በመሃሉ ማስታወሻ ይጽፋል።

«አባባ፣ ይሄ አደም ዩሱፍ የሚባለው፣ አያቱን ማን ብሎ ጠራ?»

«አብዱላሂ! የዚህን አገር ዘር እኔን ጠይቅ» አልኩና ያመለጡትን ስሞች ሁሉ ከነመንደራቸው አስጻፍኩት። ምሁር ምሁርን መርዳት የለበትም?

በሳምንቱ ገበሬዎቹ ስማቸው ከወረቀት እየተነበበ፣ ከየቤታቸው ተለቅመው ታሰሩ። የአደም ሚስት ጀጎል ድረስ መጥታ ደጄ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ወላሂ እርስዎ የማያውቁት የለም። ቤታችን የት እንደሆነ ማን ነገራቸው?»

በሰማንያ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም» አልኩ።