የእማማ ዘበኞች

በየቤቱ ማንም ሳይሾማቸው የሚጠብቁ አንድ ሰው አይጠፉም። ሌላው «ነፋስ ነው» ሲል እሳቸው «ሌባ ነው» ብለው ሰፈር ይቀሰቅሳሉ። በአንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የባሏ እናት ናቸው፤ ጎረቤቱ በሹክሹክታ «ክብርት አዛዥ» ይላቸዋል።

ክብርት አዛዥ አስም አለባቸው፤ ጥበቃውን ግን ለአንድ ቀን አላስተጓጎለም። የቧንቧ ሠራተኛ ጫማውን አውልቆ፣ ልብሱን አራግፎ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ተጠይቆ ነው የሚገባው። ሽቶ የተቀባ እንግዳማ ደጅ ቆሞ ይናፈሳል። «ሳይመጣ ነው መጠንቀቅ!» ይላሉ።

ሐኪም በየቀኑ በአፍ ወደ ውስጥ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘላቸው። ጥቅሙን ላስረዳ ያለችው ምራታቸው አንድ ብልሃት መጣላት፤ ያ ብልሃት ነው ጉድ ያፈላባት። ሥራ ቦታዋ ወስዳ የገዛ አክታቸውን፣ ቀለም ውስጥ ነክራ፣ በማይክሮስኮፕ አሳየቻቸው።

«እነዚህ ብርቱካናማ ፍሬ የሞላባቸው ኢዮሲኖፊል ይባላሉ፣ እማማ። ሰውነትን የሚጠብቁ ሴሎች ናቸው። የእርስዎዎቹ ግን በዝተዋል። ትንሽ አቧራ ሲያዩ ጠላት መጣ ብለው ይተኩሳሉ፤ የመተንፈሻ ቱቦዎ የሚያብጠው በእነሱ ጥይት ነው።»

የእማማ ዓይን ከማይክሮስኮፑ አልነቀል አለ። «ውይ፣ ሲያምሩ! ታዲያ ምን አጠፉ? ዘበኛ አይደሉም እንዴ?»

«መድኃኒቱ እነሱን ነው የሚቀንሳቸው።»

«ሲለፉልኝ የኖሩትን ላባርር? በጭራሽ!»

መድኃኒቱ መሳቢያ ገባ። ምራት ለመነች፣ ልጅ ተቆጣ፤ ወይ ፍንክች።

አንድ ጠዋት ከላይኛው ፎቅ ምንጣፍ ሲራገፍ «ማነው እሱ!» ሊሉ መስኮት ከፈቱ። አቧራው ገባና ድምፃቸው አልወጣም። ደረታቸው ያፏጫል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ምራታቸው የድንገተኛውን መድኃኒት አፋቸው ውስጥ ስትነፋ፣ ያ ስንቱን ደጅ ያስቆመ እጅ ቀሚሷን እንደ ሕፃን ጨብጦ አልለቅ አላት።

ትንፋሻቸው ሲመለስ እሷ ታለቅስ ነበር። «ባለቤቲቱን አንቀው የሚገድሉ ምን ዓይነት ዘበኞች ናቸው? እኔስ ያለ እርስዎ ምን እሆናለሁ? ማባረሩ ከከበደዎት ዕረፍት ይስጧቸው!»

እማማ እንባዋን በነጠላቸው ጠረጉላት። «ዕረፍትማ ይገባቸዋል» አሉ በመጨረሻ። «እነሱም ደክሟቸዋል።»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው «በሉ፣ እናንተ አረፍ በሉ፤ እኔ አለሁ» ብለው ይስባሉ።

ከወራት በኋላ ምራታቸው አዲሱን የአክታ ናሙና አይታ ስልክ መታች። «እማማ፣ እልል ይበሉ! በጣም ቀንሰዋል!»

እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የቀሩትስ… ደህና ናቸው?»

የላብራቶሪ ባለሙያዋ የተማረችውን ሁሉ ወደ ጎን አድርጋ፣ እንደገና አጎንብሳ አየች።

«ደህና ናቸው፣ እማማ። ሰላም ብለውዎታል።»