የእትዬ ዘሃራ ቁልፍና የእኔ ሪሞት

ሰው ቤቱን የሚቆልፈው ከማን ነው? «ከሌባ ነዋ!» ትሉኛላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። እስቲ ግን ልብ ብላችሁ አስቡት። ጨዋ ሰው የተዘጋ በር ሲያይ «የሉም ማለት ነው» ብሎ ይመለሳል፤ ሌባም የተዘጋ በር ሲያይ «የሉም ማለት ነው» ብሎ ይገባል። በሩ ያው፣ ቃሉም ያው። እንግዲህ ቁልፋችን ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመልስ ራሳችሁ ድረሱበት።

እኛ ደሴዎች ለዚህ ነገር የቆየ መላ አለን፦ ቁልፉን ለጎረቤት መስጠት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? የኛ ቤት ሁለተኛ ቁልፍ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኖረው እትዬ ዘሃራ ሻሽ ጫፍ ላይ፣ በቋጠሮ ነው። እትዬ ዘሃራ ግንብ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ጧት ወጥቼ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ እዚያ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ መዲና ደግሞ ሆጤ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ቤታችን ቀን ቀን ባዶ ነው። ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ይባላል፤ ውሃው ግን በፈረቃ ነው የሚመጣ፤ ስምና ግብር አልተገናኙም። መጣች በተባለ ቁጥር እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን ፈትተው፣ በራችንን ከፍተው፣ ጓዳ ያሉትን ሦስት በርሜሎች ይሞሉልናል። ማታ ስንገባ «ቀድቼላችኋለሁ» ይላሉ በግንቡ ላይ። በቃ። ምስጋና እንኳ አይጠብቁም፤ እኛም እየለመድነው ስንሄድ ማመስገኑን ረሳነው መሰለኝ።

ታዲያ በዚህ መሀል እላይ ካለው መንገድ የአንድ ሰው ቤት በጠራራ ፀሐይ ተሰብሮ ቴሌቪዥኑ ተወሰደ። ምንጣፉም ጭምር። መዲና ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ምንጣፉን ነበር የምታነሳው፤ «ምንጣፍ እስኪጠቀልል ድረስ ተዝናንቶ ነው እኮ!» እያለች። እኔ ደግሞ የግምጃ ቤት ሰው ነኝ፤ መጠርጠር ከሥራዬ ጋር የመጣ በሽታ ነው። ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ወረድኩና አንድ የማንቂያ ደወል ገዝቼ ተመለስኩ።

ዕቃው ይህን ይመስላል። አንድ ሲም ካርድ የሚገባበት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማሽን፣ በር ላይ የሚለጠፍ ማግኔት፣ ጆሮ የሚበጥስ ሳይረን፣ ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠሉ ሁለት ትንንሽ ሪሞቶች። ሪሞቱ አራት ቁልፍ አለው፤ የተዘጋ ጓጉንቸር ያለበትን ስትጫኑ ቤቱ ይጠበቃል፣ የተከፈተውን ስትጫኑ ይለቃችኋል። መመሪያው በስድስት ቋንቋ ተጽፏል፤ አማርኛ ከስድስቱ አንዱ አይደለም። ሻጩ ግን በአንድ ቃል ገላግሎኝ ነበር፦ «መጀመሪያ ሪሞቱን ከማሽኑ ጋር ታስተዋውቀዋለህ። ካላስተዋወቅከው አያውቀውም፤ የማያውቀው ከገባ ደግሞ ይጮኻል።»

ማስተዋወቁ ቀላል ይመስላል፤ ከማሽኑ ጀርባ ያለችውን ቁልፍ መብራቷ ብልጭ ብልጭ እስክትል ትይዛላችሁ፣ መብራቷ ሳትጠፋ ሪሞቱን ትጫናላችሁ። እኔ ማሽኑን ለቅቄ ሪሞቱ ጋ ስደርስ መብራቷ ሄዳለች። መዲና ማሽኑን ያዘችልኝ። «አሁን! አሁን እኮ ነው የምልህ!» ትላለች፤ ስትለኝ አልፏል። ወላሂ፣ እኔና እሷ የተዋወቅን ዕለት እንኳ እንደዚያ አልተጨናነቅንም። በአምስተኛው ሙከራ ማሽኑ «ጢጥ» አለ። ታወቀ። ሁለተኛውንም እንደዚያው አስተዋወቅነው፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሷ። ይህን ሁሉ ስናደርግ የሳይረኑን ሽቦ ነቅዬዋለሁ። ለምን በሉኝ። ጎረቤት እንዳይሰማ።

«ለእትዬ ዘሃራስ መቼ ነው የምንነግራቸው?» አለች መዲና፣ ሽቦውን መልሼ ስሰካ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «እትዬ፣ ሌባ ፈርተን ማሽን አስገብተናል፤ ከእንግዲህ ሲገቡ ይጮህብዎታል» ይባላል? አሥራ አንድ ዓመት ቁልፍ ላኖረ ሰው? በሆዴ ስንት ዓይነት ዐረፍተ ነገር ቀምሜ ነበር መሰላችሁ፤ ሁሉም መጨረሻው ላይ «አይግቡ» ይሆንብኛል። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ ከጁምዓ በኋላ አልኩ። ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ የውሃ መስመር ተሰብሮ ስለነበር ቤታችን የሚገቡበት ጉዳይ አልነበራቸውም። ማታ ማታ ሲመጡ እኛ ስላለን ደወሉ ጠፍቷል፤ ከበሩ በላይ የሰቀልኩትን ማሽንም ቀና ብለው አላዩትም። አብረውን በልተው፣ መርቀውን ይሄዳሉ። እኔ ሪሞቱን ኪሴ ከትቼ አሜን እላለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ክፉ ነው፤ ሰው እንዳይቀየምህ ብለህ ዝም ትላለህ፣ ዝምታህ ራሱ የሚያስቀይም ይሆናል።

ረቡዕ ዕለት ረፋዱ ላይ ኮምቦልቻ ዕቃ እያስረከብኩ ስልኬ ጮኸ። ማሽኑ ነው። አንድ ነገር ሲነካው ይደውላል፤ ሌላ ነገር ግን አይነግራችሁም። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው «ዊው ዊው» ብቻ። በእጄ የነበረውን ዕቃ የት እንዳስቀመጥኩት እስከዛሬ አላውቅም።

ቀድሜ ማን ጋ የደወልኩ ይመስላችኋል? እትዬ ዘሃራ ጋ! «ቤቴን ሌባ ገባበት፣ ይዩልኝ» ልላቸው። አይነሳም። ደገምኩት፤ አይነሳም። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣው፤ ሌባውን ሊከለክሉ ገብተው አንድ ነገር ሆኑ አልኩ። መዲናም የለች፤ ፈቃድ ወስዳ ሐይቅ ከተማ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳለች፣ ሪሞቷም በቦርሳዋ። ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ይመር ጋ ደወልኩ።

«አያ ሰይድ! አብሽር፣ ከብበነዋል!» አለኝ ይመር እየጮኸ። ከኋላው ሳይረኑ ያለቅሳል። «ሌባው ውስጥ ነው! ሰፈሩ በሙሉ ዱላ ይዞ ቆሟል!»

«እትዬ ዘሃራን አይተሃቸዋል?»

«አላየኋቸውም! ስማኝ፣ ደግሞ ይሄ ሌባ ምን ዓይነት እብድ ነው? ውሃ ከፍቷል እኮ! ሲንፏፏ በመስኮት ይሰማናል!»

«ውሃ መጣ እንዴ?»

«ጧት መጣች፣ አልሃምዱሊላህ!»

ያ ረቢ! «ይመር፣ እንዳትነኩ! ሌባ አይደለም! እትዬ ዘሃራ ናቸው!» አልኩ። «ምን? አልሰማህም አያ ሰይድ! ይሄ ነገር እኮ...» አለና ተቋረጠ። መልሼ ብደውል፣ ብደውል፣ ማን ያንሳው። የሚጮኸው የእኔው ማሽን ነው፤ ድምፄን የሚውጠውም እሱው።

የደሴ ሚኒባስ እስኪሞላ አልጠበቅኩም፤ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ጋቢና ዘልዬ ገባሁ። የኮምቦልቻን ዳገት በባዶ መኪና የወጣ ሰው ቅርብ ነው ይላል፤ ሲሚንቶ ጭኖ የወጣውን ጠይቁት። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ መኪናው ያቃስታል። እኔ ሪሞቱን በመስኮት አውጥቼ የተከፈተውን ጓጉንቸር እጫናለሁ። ከግቢዬ በር ወዲያ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ግን እጫናለሁ። ሕዝብ ተሰብስቦ «ሌባ» ከተባለ እጅ ከልብ ይቀድማል። ወጣቱ ዱላ ይዟል፣ መንገዱ ድንጋይ ሞልቶታል፣ እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሮጠው እንኳ አያመልጡም።

«የመኪና ቁልፍ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«የቤት ነው።»

«ቤት በሪሞት መነዳት ጀመረ?» ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቴን አየና ተወው። ነገሩን ነገርኩት። ነዳጁን ረገጠው። አላህ ይስጠው።

ስደርስ ግቢዬ በሰው ጢም ብሏል። ሳይረኑ እያረፈ ይነሳል። ሰውን እየገፋሁ ገባሁ። የጓዳው መስኮት መስተዋት ረግፏል። እትዬ ዘሃራ ደጃፌ ላይ፣ ባልዲ ደፍተው እሱ ላይ ተቀምጠዋል። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል፤ ሻሻቸው ተስተካክሏል፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። አንድ ጭረት የላቸውም። አልቅሼ ነበር፣ አልደብቃችሁም። ሪሞቱን ተጫንኩ። ዝም አለ።

ድምፁ ሲጠፋ የባሰ ነገር መጣ፤ ሁሉም ሰው እኔን ማየት ጀመረ። ከአጠገባቸው የቆመው ሚሊሻ «ባለቤቱ አንተ ነህ?» አለኝ።

«ነኝ።»

«ሴትዮዋን ታውቃቸዋለህ?»

«አውቃቸዋለሁ! ምን ማለትህ ነው?»

«ቁልፍ ይዘው ነው የተገኙት።»

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።»

«ታዲያ ማሽኑ ለምን ጮኸባቸው?»

እስቲ ለዚህ መልስ ካላችሁ ንገሩኝ።

የሆነውን ይመር ወደ ጎን ስቦ ነገረኝ። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ የወረወረው ድንጋይ በመስኮት ሲገባ፣ ጩኸቱ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ውሃዋ እንዳትሄድ ይቀዱ የነበሩት እትዬ ዘሃራ ራሳቸው በሩን ከፍተው «ምን ሆናችኋል?» ብለው ወጥተዋል። የሰፈሩ ሰው ዱላውን ጥሎ አንገቱን ደፋ። ሰሞኑን ቤት የተከራየ አንድ የማያውቃቸው ሰው ግን «ጎረቤትስ አይሰርቅም? ማሽን አይዋሽም እኮ!» አለ። ሚሊሻውም ባለቤቱ እስኪመጣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ አለ። ይመር ቆጣሪውን ቢያጠፋም ማሽኑ ባትሪ አለው፤ ጩኸቱን ቀጠለ። እሳቸው «እንግዲያው ውሃው ሳትሄድ ልቅዳ» ብለው ተመልሰው ገቡ። ሲጨርሱ በሩ ላይ ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚው እያያቸው፣ ሳይረኑ ከራሳቸው በላይ እየጮኸ፣ እኔ ዳገቱን እስክወጣ።

ሰው ሲበተን አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«መጣህ ሰይዴ?» አሉኝ። «ሁለቱ ሞልተዋል። ሦስተኛው ውስጥ ድንጋይ ስለገባ መስተዋት እንዳይኖረው ብዬ ደፋሁት፤ ከዚያ ውሃዋ ሄደች።»

«እትዬ...»

«ይሄ ነገር መቼ ነው የገባ?»

ልዋሽ ነበር። «ሦስት ሳምንት ሆነው» አልኩ።

«ሦስት ሳምንት» አሉ። በጣታቸው ምንም አልቆጠሩም፤ ግን ስንት ማታ አብረን እንደበላን እየቆጠሩ መሆናቸው ገባኝ። ማሽኑ አይደለም የጎዳቸው። ማሽኑማ ሥራውን ነው የሠራ።

«አፉ ይበሉኝ እትዬ። አፍሬ ነው፤ ይቀየማሉ ብዬ ነው።»

«አፉ ብያለሁ ልጄ። ከልቤ ነው፤ አላህም አፉ ይበልህ» አሉና ሻሻቸውን ፈቱ። ቋጠሮው ከመክረሩ የተነሳ በጥርሳቸው ነው የለቀቁት። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ከሪሞቱ አጠገብ። ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ።

በነጋታው እዚያው ሰኞ ገበያ ሰፈር ወርጄ ሦስተኛ ሪሞት ገዛሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አትሉኝም? ከማሽኑ ጋር አስተዋውቄ፣ ከቁልፉ ጋር አስሬ፣ ከመዲና ጋር ሆነን ይዘንላቸው ሄድን። ገልበጥ አድርገው አዩት፣ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል» አሉ፣ መለሱልኝ። «ዓይኔ ደክሟል እኮ፤ ቁልፉን አሳስቼ ሌላ ጣጣ ላምጣባችሁ?» ይሉኝታዬን በይሉኝታ መለሱልኝ። መዲና ለመነቻቸው፤ ሳቁ፣ ዳቦ ቆርሰው አበሉን፣ መረቁን። ቁልፉን ግን አልነኩትም። ተቀይመው ቢሆን ሽማግሌ እልክባቸው ነበር፤ አፉ ያለ ሰው ላይ ሽማግሌ ምን ብሎ ይላካል?

በሚቀጥለው የውሃ ቀን ከኮምቦልቻ ስመለስ፣ ልናጥበው ግቢ ያወጣነው ሦስተኛው በርሜል እስከ አፉ ሞልቷል። ግንቡ ላይ የጎማ እርጥብ ዱካ አለ። ከራሳቸው ቧንቧ፣ በግንቡ ላይ አሻግረው ነው የሞሉልን። አሁንም በየፈረቃው እንደዚያ ያደርጋሉ። ሰላምታችን አልጎደለም፤ በዒድም እኛ ጋ ነው የዋሉት። እኛ ቤት ከሌለን ግን ደጃፋችንን አይረግጡም። ማሽኑስ? ማሽኑ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ጮሆ አያውቅም። ማን ገብቶ!