የአንድ ጨርቅ የክብር ጡረታ

ይህን የምጽፈው ለመጪው ትውልድ እንዲቀመጥ ነው። በቄራችን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም፤ ከጨርቁ በቀር።

ሥራ አስኪያጃችን ታላቅ ሰው ናቸው። ታርዶ የተሰቀለ ሥጋ ሁሉ ደም እንዳይታይበት በአንድ ባልዲ ውሃና በአንድ ነጭ ጨርቅ ተራ በተራ እንዲወለወል ያዘዙት እርሳቸው ናቸው። በቀን ስልሳ በሬ፣ አንድ ጨርቅ። ሥጋው ሲያብረቀርቅ ፊት ያሳያል። ብክነትን እስከዚህ የታገለ መሪ በዕድሜዬ አላየሁም።

ታዲያ ለላቦራቶሪ የተቀጠረች አንዲት ባለሙያ ሰላማችንን አደፈረሰችው። ከየሥጋው ናሙና ወስዳ ስታበቃ፣ የመጀመሪያው በሬ ንጹሕ ነው፣ ከሃያኛው ወዲያ ያለው ግን ሰው የሚጥል ባክቴሪያ ሞልቶበታል አለች። ከአንዱ በሬ ቆዳና አንጀት የወጣውን እድፍ ለሌሎቹ የሚያዳርሰው ጨርቁ ነው። ጨርቁ ይጣል፣ ቢላው በየበሬው መሀል በፈላ ውሃ ይነከር፣ ሥጋው በቧንቧ ውሃ ይታጠብ እያለች ሦስት ደብዳቤ ጻፈች።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቋት።

«አንቺ ከመምጣትሽ በፊት እዚህ ቤት ባክቴሪያ ነበር?»

«ነበር እንጂ። የሚያየው ነው ያልነበረው።»

«በመዝገብ አለ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

እውነቱን ተናገርኩ፤ በመዝገብ የለም። በመሆኑም ባክቴሪያው ከእርሷ ጋር መምጣቱ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ። የሚቀጥለው ወር ውጤት ካልተሻሻለ ወደ ቆዳ መጋዘን እንደምትዛወር ደብዳቤ ተሰጣት። የተየብኩት እኔ ነኝ። አሳዝናኝ ነበር፤ ግን አንድም ፊደል አልሳትኩም።

እያለቀሰች ወደ ሽማግሌው የአራጆች አለቃ ሄደች።

«ጋሼ፣ በዚህ ሥጋ ሰው ሊሞት ይችላል እኮ።»

«ልጄ፣ እኚህን ሰው በማስረጃ አትችያቸውም» አሏት ቢላቸውን እየሳሉ። «በክብር ያዢያቸው።»

የባለሙያዋ አራተኛ ደብዳቤ በዚያው ቀን ገባ። እንዲህ ያለ ባለውለታ ጨርቅ በባልዲ ውስጥ ሲንገላታ ማየት ስለሚያሳፍር፣ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ በመስታወት ሣጥን ይቀመጥ፤ እርሱን የሚተካ ጨርቅ ስለማይገኝም ሌላ አይገዛ፤ እኛ በፈላ ውሃና በቧንቧ እንደምንም እንወጣዋለን ይላል። ሥራ አስኪያጁ ሲያነቡት እንባ ተናነቃቸው። እዚያው ፈረሙ።

በሽኝቱ ዕለት ሦስት ንግግር ተደረገ፤ ሦስቱንም ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ጨርቁን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሳሙት። ባለሙያዋ «ኧረ አይሳሙት» ማለቷ አልቀረም፤ ጭብጨባው ዋጣት። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ሆዳቸውን ይዘው ሐኪም ቤት ገቡ፤ የወጡት በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ወሩ ሲያልቅ ከመጀመሪያው በሬ እስከ ስልሳኛው ሥጋው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የባለሙያዋ ዝውውር ቀረ። ከሕመሙ ከስተው ቀበቷቸው በሁለት ቀዳዳ የጠበበው ሥራ አስኪያጃችን ስብሰባውን ከፍተው፣ ባክቴሪያው ታዲያ የት እንደደረሰ ጠየቁ። ባለሙያዋ ከመስታወት ሣጥኑ ከወሰደችው ናሙና ያገኘችውን ውጤት በትሕትና አቀረበችላቸው።

እኔም እንደ ሥራዬ በቃለ ጉባኤው አሰፈርኩ፦ ባክቴሪያው ከእርድ ክፍል ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በሙሉ ክብር ተዛውሯል።

ሥራ አስኪያጁ አንብበው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይህን ዝውውር ማን ነው የፈቀደው?»

ፊርማቸውን አሳየኋቸው።