ወይዘሮዋን ከቀጥቃጭ ያስተኛችው መምህርት

በእኛ አገር ሰው ስለ አልጋ ነገር አያወራም የሚላችሁ ካለ፣ ሠርግ ተጠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። እስቲ ፎገራ ሠርግ ላይ ከዘፋኞቹ ጀርባ ቆማችሁ አድምጡ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ባልቴቶች ሙሽራውን በግጥም ልብሱን አስወልቀው፣ አስተኝተው፣ አስነሥተው፣ ጉልበቱን መዝነው «ይባረክ!» ይሉታል። ማንም አያፍርም። ያው ነገር በወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ያችው ባልቴት አማትባ «ምነው በሞትሁ! ምን ዘመን መጣብን?» ትላለች። ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ዘፈን ባለቤት የለውም፤ ጽሑፍ ግን አናቱ ላይ ስም አለበት። እኛ ደግሞ የምናሳድደው ነውሩን ሳይሆን ባለ ነውሩን ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ጥሩወርቅ ነው። ጥሩወርቅ ወረታ ላይ አማርኛ ታስተምራለች፣ እኔ ሒሳብ። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን ስለምንኖርና በዕድሜ ስለምበልጣት «እትዬ» ትለኛለች። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያይበት ብዙም አንርቅም። የጭነት መኪናው ጡሩምባ ግድግዳችንን ሲያንቀጠቅጠው እሷ ጠረጴዛዋ ላይ አጎንብሳ ትጽፋለች። «ምን ትጽፊያለሽ?» ስላት «ውሸት» ትለኛለች። ምነው ሰውም እንዲያ ባመናት ኖሮ!

የጻፈችው አጭር የፍቅር ድርሰት ነበር፤ ዘመኑ ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ የነበረችበት ዘመን ነው። ወለላ የምትባል ባሏ ዘመቻ ላይ የሞተባት ወይዘሮ እግሯ አብጦ የብር አልቦዋ ሥጋዋ ውስጥ ይቀበራል። የሚያወልቅላት ሲጠፋ ቀጥቃጭ ይጠራል። ቀጥቃጩ እግሯን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እንዳያማት ትንፋሹን ውጦ፣ አልቦውን ቆርጦ ያወጣዋል። አልቦው ወጣ፤ እግሯ ግን ከጉልበቱ ላይ አልወረደም። እሱም አላወረደው፣ እሷም አልሳበችው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተው ትገምቱታላችሁ። ጥሩወርቅ ግን ለእናንተ ግምት አልተወችውም። ከመቀነቱ ጀምራ፣ ሳትቸኩል፣ ጻፈችው። ዕድሜ ልኬን ከቁጥር ጋር የኖርሁት እኔ እንኳ ሳነበው ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ።

በከተማችን እሑድ ከሰዓት የሚሰበሰብ የንባብ ክበብ አለ። አዘውትሮ ከሰው ወንበሩ የሚበዛበት ክበብ ነው። ድርሰቱ አስተያየት እንዲሰጥበት በቴሌግራም ለአባላቱ ተላከ፤ እሑድ እስኪደርስ አባል ያልሆነውም አነበበው። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪ እየጠበቀ አነበበው፤ የእህል ነጋዴው ጆንያ ላይ ተቀምጦ አነበበው። የዚያን ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። በወረታ ንባብ የለም ያለው ማን ነው?

መጀመሪያ የተናገሩት ሰብሳቢው አቶ ዘለቀ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ራሳቸውን የከተማው ሥነ ምግባር ጠባቂ አድርገው ሹመዋል። «እኔ በበኩሌ አላነበብሁትም፤ እንዲህ ያለውን አላነብም» አሉ። «ነገር ግን መቀነቷ ሲፈታ ‹ቀስ በቀስ› የሚለው ቃል ያለ አግባብ ተደጋግሟል።»

ቀጥለው ጨርቅ የሚሸጡት ወይዘሮ ብርቄ ተነሡ። «እንዲያው ይችን ልጅ ማን ነገራት? ባል እንኳ ገና አላገባች!» አሉና ዙሪያቸውን ቃኝተው ተቀመጡ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ አያቶቻችን ጨዋ እንደነበሩ፣ እንዲህ ያለ ነገር አድርገው እንደማያውቁ ጠረጴዛ እየደበደበ አስረዳን። እንዲያ ከሆነ እኛ ከወዴት መጣን?

ጥሩወርቅ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ሁሉንም ሰማች። ለዚህ ተዘጋጅታ ነበር። ያልተዘጋጀችለት የመጨረሻው ነው። ጋሽ ተገኘ፣ ከፎገራ ረባዳ ሩዝ አምራቾች ሁሉ የተከበሩት ሽማግሌ፣ በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«ልጄ፣ መተኛቱስ ይሁን። ሥጋ የለበሰ ሁሉ ይተኛል። እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ያን ያህል መኳንንት በሞላበት አገር፣ ምነው ከቀጥቃጭ ጋር?»

ወዲያው «እሱማ! እሱማ!» የሚል ጉምጉምታ ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር ሄደ። ሲያቃጥላቸው የዋለው ነገር ስም አገኘ። መቀነቱም፣ አልጋውም፣ የአያቶቻችን ጨዋነትም ለካ ሽፋን ኖሯል።

«ታዲያ አልቦውን ማን ያውልቅላት ጋሼ?» አለች ጥሩወርቅ። «ደጃዝማቹ?»

ወጣቶቹ ሳቁ። ጋሽ ተገኘ አልሳቁም። ሰው ሲያዳምጥ ከሳቁት ይልቅ ያልሳቁትን መቁጠር ደግ ነው።

ከኋላ ወንበር ላይ አዲሱ ተቀምጦ ነበር። አዲሱ የግብርና ባለሙያ ነው፤ የጥሩወርቅ እጮኛ። ሠርጋቸው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ነበር። ድርሰቱን ከሁላችን ቀድሞ ያነበበው እሱ ነው፤ አንብቦም እንባው እንደመጣ ሲነግራት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በዚያ አዳራሽ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ወላጆቹ የሚኖሩት አንበሳሜ ነው፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ገበያው ላይ ደረሰ። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ የዛሬው ወሬ አህያም አይፈልግ፣ ስልክ ይበቃዋል።

የአንበሳሜ ሰዎች ድርሰቱን ፈረዱበት፦ «ደሟ ውስጥ ባይኖር ስለ ቀጥቃጭ ባልጻፈች።» ከዚያም ሽማግሌ ልከው፣ ረባዳው ላይ ካለው የትውልድ መንደሯ አጥንቷን አስቆጠሩ። ሰባት ቤት ወደ ላይ ቢወጡም ምንም አላገኙም። ያገኙት የአባቷ ማሳ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር እንደሚዋሰን፣ እናቷም ከእነሱ ጋር ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ ነው። ይኸው በቃቸው። አጥንት በማሳ ድንበር ተሻግሮ፣ በእንስራ ተቀድቶ እንደሚገባ ያኔ ተማርን። ልብ በሉ፤ ይህን ያጣሩት ሰዎች ቀጥቃጭ በሠራው ማረሻ አርሰው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት የበሰለ ወጥ በልተው ነው መንገድ የወጡት።

አንድ ቀን ከሰዓት አዲሱ መጣ። ጥሩወርቅ በሯ ላይ ቆማ አላስገባችውም፤ እኔ ሽንኩርት እከትፍ ስለነበር ከአጠገባቸው ነኝ።

«እኔ ድርሰቱን እንደምወደው ታውቂያለሽ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ አንድ ነገር ብታደርጊልኝ… ቀጥቃጩን ሹም አድርጊው። ሌላውን አትንኪው። ተሳስቼ ነው የጻፍሁት በይና አርመሽ ላኪው። እናቴን እኔ አሳምናቸዋለሁ። አንድ ቃል ነው እኮ ጥሩዬ!»

አዲሱ ደግ ልጅ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ እኔ በልቤ ‹ቀይሪው፣ ምን አለበት፣ ወረቀት ነው› ብያለሁ።

«አንድ ቃል ከሆነማ» አለችው ቀስ ብላ፣ «አንተ ሂድና ለእናትህ አንድ ቃል ንገራቸው። ‹እወዳታለሁ› በላቸው።»

አዲሱ ባጃጁ እየጠበቀው እንደሆነ ነገረን። ሰኔ ሳይገባ አጥንቷ የተቆጠረላት ሌላ ልጅ አገባ። ጥሩወርቅ አላለቀሰችም ልላችሁ በወደድሁ፤ ግን ግድግዳችን ስስ ነው።

ክረምቱ አለፈ፤ ውኃው ከሜዳው ሸሸ፤ ሩዙ ታጨደ። ክበቡ ዓመታዊ በዓሉን ሲያከብር ጥሩወርቅ እንሂድ አለችኝ። «ተደብቄ ልኖር ነው እንዴ እትዬ?» አለች፤ ሄድን። አቶ ዘለቀ መነጽራቸውን አድርገው በቴሌግራም ሲዞር ያገኙትን «ድንቅ የታሪክ ልብ ወለድ» ሊያነቡልን ቆሙ። ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ የጥሩወርቅ ክንድ እጄ ላይ ደረቀ።

ድርሰቱ የእሷው ነበር። ወለላም አለች፣ ጎንደርም አለ። ቀጥቃጩ ብቻ የለም፤ በቦታው ከዘመቻ የተመለሰ ወጣት ደጃዝማች ገብቷል። ከላይ የሰው ስም የለበትም። የአልጋው ነገርማ እንዲያውም ረዝሟል፤ አቶ ዘለቀ ግን አንድም ቃል ሳይዘሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ከፍ እያደረጉ ተረኩት። ወይዘሮ ብርቄ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጎልማሳው «አይ አባቶቻችን! ፍቅር እንኳ በወግ!» አለ። ጋሽ ተገኘ ራሳቸውን ነቅንቀው «ይህ ታሪክ ነው» ሲሉ መሰከሩ። የማን እንደሆነ ዘንግተውት ይሁን እያወቁ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ማን እንደቀየረውም አላወቅንም፤ ጥሩወርቅም ማወቅ አልፈለገችም።

አቶ ዘለቀ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እሷ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው። እስቲ እንደ አማርኛ መምህርነትሽ አስተያየትሽን ስጭን።»

እጇን ያዝሁ፤ ቀስ ብላ አስለቀቀችኝና ተነሣች። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«አንዳንድ ቦታ የፊደል ግድፈት አለበት» አለችና ተቀመጠች።

«ጨዋ አስተያየት!» አሉ አቶ ዘለቀ፣ አዳራሹም አጨበጨበላት። ስለዚያ ድርሰት በሕይወቷ የተጨበጨበላት ያን ዕለት ብቻ ነው።